ዱለት ይወዳል ተብዬ ሞጣ የሄድኩ ጊዜ

ወደ ሞጣ የሄድኩት ሚስት ለማግባት እንጂ አገር ለማየት አይደለም። ስለዚህ ስለ አድባራቱ ጥንታዊነትና ስለ አየሩ ተስማሚነት ለማንበብ የተዘጋጀ ሰው ካለ ከወዲሁ ይቅር ይበለኝ። ዓባይን ስሻገር ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ደብረ ወርቅ ስደርስ ከበቅሎ ያወረዱኝ ደግፈው ነው። የቀረውን ጊዜ ያሳለፍኩት ገበታ ፊት ተቀምጬ ነው፤ የምጽፈውም የበላሁትንና ያልበላሁትን ነው።

አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነኝ። አስናቀች የምትባል፣ እዚያው አዲስ አበባ ሐኪም ቤት በነርስነት የምታገለግል የሞጣ ልጅ ለማግባት ተስማምተን ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ መሪጌታ ልሳነወርቅ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ «የተባለውን ሰምቻለሁ፤ ልጁን ግን በዓይኔ ልየው» ብለው ሰደዷቸው። እኔም እንደ ገበያ በሬ ልታይ ተነሣሁ። አብሮኝ የሚሄደው የአስናቀች ታላቅ ወንድም ይሁኔ ነው። መርካቶ ልብስ ሰፊ ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ አፉ ግን ስፌት የለውም።

ችግሬን እዚሁ ልናገር። እኔ የከብት የሆድ ዕቃ አልበላም። ጨጓራ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ አንጀት፣ ሽታቸው ሲደርሰኝ መሐረቤን አወጣለሁ። ሥጋውን እበላለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ፒያሳ ከአንድ የግሪክ ሱቅ የምገዛውን የቆርቆሮ ቋሊማ ነው። ጣት ያክላል፣ ለስላሳ ነው፣ ከእንስሳ መምጣቱም አያስታውቅ። ይህን ለአስናቀች እንኳ ነግሬያት አላውቅም። አንድ ቀን ይሁኔ ቤት ተጋብዤ ዱለት በሳህን አቀረበልኝ። እሱ ጠጅ ሊቀዳ ዞር ሲል ሙሉውን ለድመቷ ሰጠኋት። ተመልሶ ባዶውን ሳህን ሲያይ፣ «እንዲህ ነው እንጂ ወንድሜ!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ከቢቸና እስከ ሞጣ ላሉት ዘመዶቹ ሁሉ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሙሽራው ዱለት ነፍሱ ነው፣ ሌላ አታስቡ ብሎ።

የመረጥነው ጊዜ ደግሞ የባሰ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በሌላ ወራት ብሄድ በሳምንት ሁለት ቀን ሽሮ ያድነኝ ነበር። ይሁኔ ግን መንገድ ሙሉ «ደስ የሚል ጊዜ ላይ ወጣን» ይለኛል።

ሰኞ

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ይነሣል ተብለን በጨለማ ሄድን። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተነሣ፤ ሱሉልታ ሳይደርስ ሾፌሩ የረሳው ነገር ትዝ ብሎት ተመለሰ። ከኋላዬ የተቀመጡት ሴትዮ ያቀፏት ዶሮ በየኩርባው አንገቴን ትነቁራለች። ሴትዮዋ «ወዳህ ነው» ይሉኛል።

ጎሐ ጽዮን ምሳ ወረድን። የሆቴል ቤቷን አስተናጋጅ «ምን አለ?» ብንላት፣ «ጉበት ጥብስ አለ፣ ዱለት አለ፣ ጨጓራ አለ» አለች።

«ሥጋውስ?»

«ሥጋው አልቋል፣ ጋሼ።»

እንዴት ሊያልቅ ቻለ? በጉ ሆድ ዕቃውን ብቻ ይዞ አይወለድ። እኛ ሰፈር ሥጋ ቤት ብትሄዱ ከበሬው የፈለጋችሁት ቦታ ይቆረጥላችኋል፤ እዚህ ግን በጉ ውስጡ ብቻ ቀርቷል። ዳቦ በሻይ በላሁ። ይሁኔ የኔንም ድርሻ ጉበት እየበላ፣ «ገባኝ፣ ሆድህን ለዘመዶቼ ታቆያለህ» አለ።

ስለ ዓባይ በረሃ ሰዎች ብዙ ያወራሉ። እኔ የማስታውሰው ሙቀቱን፣ የፍሬኑን ሽታና ዶሮዋን ነው። ደጀን ያደርንበት ቤት አልጋው ቁንጫ ነበረው። ባለቤቲቱ ግን ስታከክ አይታ ጠዋት አዲስ ነጠላ ከሣጥን አውጥታ አለበሰችኝ፤ «ስትመለስ ትሰጠኛለህ» ብላ። የማታውቀኝ ሰው ናት። አዲስ አበባ ጎረቤቴ መሰላል ሲያውሰኝ ልጁን አብሮ ይልካል።

ማክሰኞ

ከደጀን ቢቸና ድረስ ኤንትሬ በሚሉት የጭነት መኪና፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። አንድ ጊዜ ጎማው ፈነዳ፣ ሌላ ጊዜ ጭቃ ያዘው። ሁለቱንም ጊዜ ወርደን ገፋን። ከሰዓት በኋላ ስንደርስ የይሁኔ አጎት ግራዝማች አላምረው ከጧት ጀምረው ጥላ ዘርግተው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። በእሳቸው ዕድሜና ማዕረግ ያለ ሰው እንዲህ ሲጠብቀኝ አፈርኩ። ባለቤታቸው እመት ጥሩዬ እምቢ ብላቸው እግሬን በሞቀ ውኃ አጠቡኝ። ይኸ ሁሉ ክብር ወዴት እንደሚያመራ አውቅ ነበርና እያመሰገንኩ በጉ የታሰረበትን በዓይኔ እፈልግ ነበር።

በጉ የታረደው ከደረስን በኋላ ነው። ወንበር አውጥተው በረንዳ ላይ አስቀመጡኝ፣ እንዳይ። ገና ሳይበለት ጥሬ ጉበትና ጨጓራ፣ ሐሞት ተርከፍክፎበት፣ በትንሽ ሰፌድ መጣ።

«ይኸ መክፈቻ ነው፤ ዱለቱ እየተከተፈ ነው» አሉ ግራዝማች።

«ግራዝማች፣ መንገዱ ትንሽ አንገላቶኝ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሐሞት የመንገድ ድካም መድኃኒት ነው» አሉ።

ይሁኔ ከጎኔ፣ «ተግደርድሮ ነው፤ እኔ ቤት ሳህኑን ልሶታል» አለ። ልሳለች! የላሰችው ድመቷ ናት! ግን ይህን በዚያ ሰዓት እንዴት ይናገሩታል?

ግራዝማች በእጃቸው ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡ። «በሞቴ!» አሉ። የሰው አጎት፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሰው፣ በሞታቸው ሲለምኑ አፍ አይዘጋም። ዋጥኩ። እንባዬ ወረደ። «ሚጥሚጣው በረታበት» ብለው እመት ጥሩዬ በእጃቸው አራገቡልኝ። ሁለተኛውን እሳቸው አጎረሱኝ፤ አንዱን ብቻ መጉረስ ነውር ነው ተባለ። ከዚያ ዱለቱ መጣ። ግድግዳው ላይ ያለው የጃንሆይ ሥዕል ቁልቁል ሲያየኝ እንደ መሐላ ምስክር ሆኖ ታየኝ። እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ከዚያ አጥሩ ሥር ሄጄ የሆነውን አንባቢ ይገምተው።

ረቡዕ

በማግስቱ ጧት ባዶ ሆዴን ስነሣ ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ቆርቆሮ ቋሊማ መኖሩ ትዝ አለኝ። ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ተቀምጬ አንዱን በሰንጢ ስከፍት አምልጦኝ ጣቴን ቆረጠኝ። እመት ጥሩዬ ደም ሲያዩ ጮኹ። ቤተሰቡ በሙሉ ወጣ። ጣቴ በጨርቅ ታሰረ፤ ቀጥሎ ሁሉም ያንን ቆርቆሮ ማየት ጀመረ።

ግቢው ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚኖር የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ግራዝማች ቆርቆሮውን ሰጡትና «እስቲ አንብብልን» አሉት። እሱም እንደ ትምህርት ሰዓት ቆሞ አነበበ።

«ሆት ዶግ ይላል። ሆት ትኩስ ነው። ዶግ…» ብሎ ዝም አለ። እንደገና አየው። «ዶግ ውሻ ነው።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ቆርቆሮው ላይ የኮርማ ሥዕል አለ፤ እሱን አሳየሁ። ስም ብቻ ነው፣ ፈረንጆች በቀልድ ያወጡት ነው አልኩ። መምህሩ ቅን ሰው ነውና መዝገበ ቃላቱን አምጥቶ ፈለገ። ትኩስን አገኘ፣ ውሻን አገኘ፣ ቀልዱን ግን አላገኘም። ከደጅ መኪና ትጠብቅ የነበረች አንዲት የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጥ ነበር።

እኛም በዚያው መኪና ልንሄድ ነበር። ግራዝማች ግን ደሙ የፈሰሰበት ሰው ሳይበላ አይሄድም ብለው ጉበት አስጠበሱ። «መኪናው ያመልጠናል» አልኩ። «መኪና ሰው ይጠብቃል» አሉ። አልጠበቀም። ነጋዴዋን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ እስከ እሑድ ወደ ሞጣ የሚሄድ የለም ተባለ። እመት ጥሩዬ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ግን ሦስት ጊዜ ሲያጥቡት አይቻለሁ።

ግራዝማች ሁለት በቅሎና አንድ አሽከር ሰጡን። በበቅሎ ተቀምጬ አላውቅም። ሁለት ሰዓት ሳንሄድ ጭኔ ተላጠ። ይሁኔ ከኋላዬ፣ «ለምን ውሻ እንደምትበላ ቀድመህ አልነገርከኝም?» አለኝ፤ ሳይቆጣ፣ በእውነት እያዘነ።

«የበሬ ሥጋ ነው!»

«እሺ፣ እሺ። ለአባባ ግን አንተው ንገራቸው።»

ደብረ ወርቅ ማታ ደርሰን የይሁኔ የክርስትና እናት ዘንድ አረፍን። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ጭኔን አይተው ለጋ ቅቤ አምጥተው «ይህንን ራስህ ቀባ፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ» አሉኝ። ከዚያ እንባ ባቀረረ ዓይን፣ «ልጆቼ፣ ከሽሮ በቀር ምንም የለኝ» አሉ። ከአዲስ አበባ ከወጣሁ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቃል አልሰማሁም። ሽሮ ከምንም ይበልጥብኛል አልኳቸው፣ ከልቤ። እሳቸው ግን ጨዋነቴ አሳፈራቸው። በፋሲካ ሰሞን እንግዳ ሽሮ በልቶ ከቤቴ አይወጣም ብለው፣ ነጠላቸውን እየጎተቱ ጎረቤት ሄደው፣ በግ ካረደ ሰው ጨጓራ ለምነው መጡ። ለምነው! ለእኔ ብለው! ይህንን የማይበላ ሰው ምን ይባላል? በላሁ።

ሐሙስ

ዝናብ ዘነበ። ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። ያደርነው አንድ ገበሬ ቤት ነው። ኩላሊት ጠብሰው አቀረቡ። ለእንግዳ የሚቀመጠው እሱ ነው አሉ። ባልየው የራሱን ጋቢ አውልቆ አለበሰኝና እሱ ቁምጣውን ብቻ ለብሶ እሳት ዳር ተኛ። ስለዚህ ቀን ሌላ የምለው የለኝም።

ዓርብ

ሞጣ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። በቢቸና ጥላ ይዘው እንደጠበቁኝ እዚህም የሚጠብቀኝ ይኖራል ብዬ ልብሴን አራግፌ፣ ከረባቴን አስሬ ነበር። ማንም አልነበረም። ጨርቅ ነጋዴዋ ከሁለት ቀን በፊት ደርሳ ሥራዋን ሠርታለች። በየአጥሩ ሴቶች ብቅ እያሉ አዩኝ። አንዷ የራሷን ውሻ ጠርታ ወደ ውስጥ አስገባችው። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

የአስናቀች እናት እመት የሺ በሩ ላይ ቆመው ሰላም አሉኝ፤ አልሳሙኝም። ምሳ ቀረበ፤ ዱለት የለም፣ ምላስ ሰንበር የለም፣ የእርጎ ጎድጓዳ ሳህንና እንጀራ ብቻ። አምስት ቀን ሙሉ ስመኘው የነበረ ገበታ ነው። አንድ ጉርሻ ሊወርድልኝ አልቻለም። ለካ ሰው የሚጠላውን ምግብ እንኳ ሲነፍጉት ያማል። መሪጌታ የቅኔ ተማሪዎቻቸውን እያስተማሩ ስለነበር አላየኋቸውም። ይሁኔ እናቱን ጓዳ ገብቶ ሲያነጋግር ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። «ልጄን እንዲህ ላለ ሰው?» ይላሉ።

ቅዳሜ

መሪጌታ ከጊዮርጊስ ሲመለሱ አስጠሩኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው ደከም ያለ ሰው ናቸው። ከግቢያቸው ወይራ ሥር፣ የበሬ ቆዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱን የቀሩትን ቆርቆሮዎች ይዤ ቀረብኩ፤ ተቀመጥ አሉኝ። እመት የሺም ከበሩ ደጃፍ ተቀመጡ።

«የኔታ፣ ይኸ ነገር ውሻ አይደለም» አልኩ፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ።

«እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ። «ቅኔ ሳስተምር አርጅቼ በአንድ ቃል እታለላለሁ እንዴ? ስም ነው። ለሴቶቹም ነግሬያቸዋለሁ፤ አልሰሙኝም።»

ከደረቴ ላይ ድንጋይ ወረደ። ግን አላበቁም። ቆርቆሮውን በጣታቸው አንኳኩተው፣ «ማን አረደው?» አሉ።

«አላውቅም፣ የኔታ።»

«ክርስቲያን ነው? ስመ ሥላሴ ተጠርቶበታል?»

«አላውቅም።»

«ከየት አገር ነው የመጣው?»

«እሱንም በደንብ አላውቅም።»

ቆርቆሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ይሁኔ ትላንት እውነቱን ነግሮኛል። በየመንገዱ ሲያጎርሱህ እንደምታለቅስ፣ ከዚያም ወደ አጥር ሥር እንደምትሄድ አይቷል። እስከ ደብረ ወርቅ ሚጥሚጣ መስሎት ነበር። እና አልገባኝ አለ፤ ማን እንዳረደው የማታውቀውን ሥጋ ትበላለህ፤ ዓይንህ እያየ በስምህ የታረደውን ትጠየፋለህ። ንቀት ነው?»

ንቀት አሉ! አምስት ቀን ሙሉ ናቀን እንዳይሉኝ ብዬ፣ ሐሞት የውስጤን ሲያቃጥለው፣ ጭኔ ሲላጥ፣ የማልወደውን ስውጥ ከርሜ፣ መጨረሻው ንቀት ሆነ። ያ ሁሉ ብስጭት አፌን ከፈተው።

«የኔታ፣ እናቴ ጨጓራ አጣቢ ናት» አልኩ።

እመት የሺ ቀና አሉ። ሽማግሌዎቼ «እናቱ ነጋዴ ናት» ብለው ነበር፤ እንዲሉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ማቆም አልቻልኩም። አባቴ በሕፃንነቴ እንደሞተ፣ እናቴ ቄራ አጠገብ ለሥጋ ቤቶች ጨጓራና አንጀት እያጠበች እንዳሳደገችኝ ነገርኳቸው። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ውኃ እየቀዳሁ፣ ፈርሱን እየደፋሁ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ሽታው ከእጄ አይለቅም። ልጆቹ ከእኔ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ አይቀመጡም፤ «ፈርስ» የሚል ስም አወጡልኝ። ታይፕ የተማርኩት እጄ ወረቀት ወረቀት እንዲሸት ነው። ቋሊማውን የምወደው ምንም ስለማይሸት ነው።

«ዱለት ስትሰጡኝ የማለቅሰው ለዚህ ነው እንጂ እናንተን ንቄ አይደለም» አልኩ።

መሪጌታ ወደ ባለቤታቸው ዞር ብለው አዩ። እኔም ጉዳዬ እንዳለቀ ገምቼ፣ በቅሎዎቹ ውኃ ጠጥተው እንደሆነ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«እናትህ በሕይወት አሉ?» አሉ።

«አሉ።»

«ጤነኛ ናቸው? መንገድ ይችላሉ?»

«ይችላሉ።»

«ታዲያ ሽማግሌ ስትልክ ለምን አብረው አልመጡም?»

መልሱን እሳቸውም፣ እመት የሺም፣ ከበር ጀርባ የቆመው ይሁኔም ያውቁታል።

«ዋሽተኸናል፤ ያንን ይቅር ብያለሁ» አሉ መሪጌታ። «እናትህን የደበቅክበትን ግን ይቅር ማለት የእኔ አይደለም። ሂድና ይዘሃቸው ና። ልጄን ስድር አጠገቤ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከሌሉ እኔም የለሁም።»

«የኔታ፣ መንገዱ አምስት ቀን ነው!»

«አውቃለሁ። እኔም በእግሬ ሄጄዋለሁ።»

እመት የሺ ተነሥተው መጡና፣ ትላንት ያልሳሙትን ጉንጬን ሳሙኝ። «በግ እናርዳለን» አሉ። «ለአንተ ጎድኑን አስቀምጥልሃለሁ፤ የቀረውን ለእናትህ አሳምሬ እሠራላቸዋለሁ።»

የመመለሻው መንገድ ያው ነው፤ ያው በቅሎ፣ ያው ጭቃ፣ ያው ጭን። ደጀን ላይ ነጠላውን መለስኩ። ይሁኔ በየደረስንበት «ይኸ ሰው ዱለት አይበላም፤ እንዳታቀርቡለት!» እያለ ሲያውጅ የመጀመሪያው አዋጁ ተሽሎ ታየኝ።

አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት እናቴ ቤት ሄድኩ። ከስድስት ወር በኋላ መሄዴ ነው። ከደጅ፣ ከሰፊው ገበቴ ፊት ጎንበስ ብላ ታጥባለች። ሽታው ከመንገዱ ተቀበለኝ፤ እንደ ወትሮው መሐረቤን አላወጣሁም። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ነጋዴ ናት ማለቴንም ጭምር። እጇን ሳታቆም አዳመጠችኝ። ነጋዴ ያልኩበት ላይ ብቻ ለአፍታ አቆመች፤ ከዚያ ቀጠለች።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አለች በመጨረሻ።

«ከሳምንት በኋላ። አክብረው ነው የሚጠብቁሽ። ዱለቱንም፣ ምላስ ሰንበሩንም ላንቺ ብለው…»

ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዲያ ከአሁኑ ንገርልኝ» አለች። «እኔ ጨጓራ ቀምሼ አላውቅም።»

«ምንም? በዚህ ሁሉ ዓመት?»

«ሽታውን አልወደውም።»

«ታዲያ ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?»

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አንተስ መች ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለች።